ምን እንደምሠራ ማንም አልጠየቀኝም

ንዴቴ ሲበርድ እጽፈዋለሁ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልበረደም። ባለፈው ሰሞን ግሪን ቫሊ ሰፈር አዲስ ቤት የገዙ ወዳጆቻችን ጠርተውን ሄድን። የቤቱ እመቤት የኪችኗን ነጭ ካውንተር፣ ምግብ የሚዘጋጅበትን ሰሌዳ፣ በመዳፏ እያሻሸች «አያምርም?» አለችኝ። ያምራል። ጠርዙ በእጅ እንደተሞረደ ገና ሳየው አውቄአለሁ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጌ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩና በረንዳ ወጥቼ ቆምሁ። ሚስቴ ሰብለ ተከትላኝ መጥታ «እባክህ የሰው ደስታ አታበላሽ» አለችኝ። አላበላሸሁም። እዚህ ግን ዝም አልልም፤ ይህን ከሚያነቡት መካከል አሁንም አቧራው ውስጥ የሚውል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

እኔ ድንጋይ ቆራጭ ነበርኩ። ከሰብለና ከልጃችን ከናኦሚ ጋር በዚህ በሰው አገር የበረሃ ከተማ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር እንኖራለን። ሰብለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ናኦሚ ሃይስኩል ትማራለች። እኔ የምቆርጠው ለኪችን ካውንተር የሚሆነውን፣ ኳርትዝ የሚሉትን ሰሌዳ ነበር። ስሙ ድንጋይ ይሁን እንጂ ከተራራ ተፈልፍሎ እንደወረደ የሚመጣ አይደለም፤ ድንጋይ ተፈጭቶ በሙጫ ተለውሶ የተጋገረ ነው። ትልቁን ሰሌዳ የሚሰነጥቀው ማሽን ውሃ ስለሚያፈስ ብዙም አያቦንንም። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። የሲንኩን፣ የዕቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ የምናወጣውና ጠርዙን የምናለሰልሰው ግራይንደር በሚባል የእጅ መሞረጃ፣ በደረቁ ነበር። ማታ ስወጣ ከወፍጮ ቤት የወጣሁ ነበር የምመስለው። ቅንድቤ ነጭ፣ ጆሮዬ ውስጥ ነጭ፣ ለምሳ የቋጠርኩት ሳንድዊች ላይ ሳይቀር ነጭ።

የምንቆርጥበት ሱቅ ባለቤት ሰሎሞን ሐበሻ ነው፤ ሠራተኞቹም ሁላችን ሐበሾች ነን። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ማለት ይወዳል። እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ መጥተን አፓርታማ የሚያከራየን ስናጣ ፈርሞ ዋስ የሆነን እሱ ነው። ይህን ደብቄ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ግን የተሻለ ማስክ ስንጠይቀው ያቺን ስስ የሐኪም ቤት ማስክ በካርቶን ያመጣል። ውሃ የሚረጭ ግራይንደር ግዛልን ስንለው «ውሃው ወለሉን ያጨቀየዋል፣ ሥራም ያዘገያል። ደግሞ ወንዶች አይደላችሁም እንዴ? ትንሽ አቧራ ትገድላችኋለች?» ይልና ይስቃል። እኛም አብረን እንስቃለን።

አሠሪያችን ባዕድ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወር እናመለክት ነበር። አብሮህ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሰውን፣ ልጅህ ስትወለድ ገንፎ ሊበላ የመጣውን ሰው እንዴት ብለህ ትከሳለህ? ያስጠቃን ይኸው ይሉኝታችን ነው። ይሉኝታ ሳንባ የሚበላ ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሳሉ የጀመረኝ በበጋ ነው። ደረቅ፣ ምንም የማያወጣ ሳል። መጀመሪያ የበረሃው አየር ነው ተባለ። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ የተቀመጠው ሰውዬ ደረቴን በልብሴ ላይ አዳመጠና «ብሮንካይተስ ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። አልተሻለኝም። ሌላው «አስም ይመስላል» ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ። ያኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ድረስ የውሃ ካርቶን ይዤ ስወጣ መሀል ደረጃ ላይ ቁጭ ማለት ጀምሬ ነበር። ጎረቤት ሲያልፍ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ሱሪዬ ከወገቤ ይንሸራተታል። ሌሊት ሰብለ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ትተኛለች፤ ፍቅር ነው ብዬ ነበር፣ ለካ መተንፈሴን ቼክ እያደረገች ነው።

በመጨረሻ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ፊልሙን አይታ ሁለቱም ሳንባዬ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ነጠብጣብ እንዳለ ነገረችኝና ጠየቀችኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ተነሥታ ማስክ አደረገች፤ ለእኔም አንድ አቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ ያናገረችኝ በሩ አጠገብ ቆማ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባሁ፤ አየሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ በተሠራ ክፍል ብቻዬን አስተኙኝ። የሳንባ ነቀርሳ ነው የጠረጠሩት፤ ቲቢ። አክታዬን ደጋግመው መረመሩ፤ ጀርም አላገኙም። የደም ምርመራው ግን ጀርሙ ሰውነቴ ውስጥ እንዳለ አሳየ። ይህ ብዙ ሐበሻ ላይ የሚገኝ ነገር ነው፤ ጀርሙ ዕድሜ ልክ ተኝቶ ሰውየውን ሳያሳምመው ሊኖር ይችላል። ለእነሱ ግን በቂያቸው ነበር። ከኢትዮጵያ ነው፣ ይስላል፣ ራጁ ላይ ነጠብጣብ አለ፤ አለቀ! የሚገቡት የሚወጡት ሐኪሞች ሁሉ ስለ አገሬ ጠየቁኝ። ልጅ ሆኜ ቤታችን የታመመ ሰው ነበር ወይ? ያልተፈላ ወተት ጠጥቻለሁ ወይ? በቅርብ ሄጄ ነበር ወይ? ጥፍሬ ሥር የተጋገረውን ነጭ ነገር እያዩ፣ ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኳቸውም። ሐኪም የሚያስፈልገውን ራሱ ይጠይቃል ብዬ ነው ያደግሁት፤ ያልተጠየቁትን መቀባጠር ነውር ይመስለኛል።

መድኃኒቱን እየዋጥሁ ወደ ቤት ተመለስሁ። ሽንቴ እንደ ፋንታ ሆነ። ዘወትር ጠዋት ከጤና ቢሮ አንዲት ሴት በስልክ ቪዲዮ እየደወለች ክኒኑን ስውጥ ታየኛለች፤ ሕጋቸው ነው። ይህችን ሴት አልረሳትም። ስሜን በትክክል ለመጥራት ትታገላለች፣ ስውጥ ደግሞ ድመቷን አንሥታ ታሳየኛለች። በእነዚያ ወራት ሳትፈራኝ ፊት ለፊት ያየችኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም በስልክ መስታወት።

የራሳችን ሰዎች ግን! ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰላምታው ከሩቅ በአንገት ብቻ ሆነ። የናኦሚ ጓደኞች እናቶች ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ሰብለ እንኳ፣ የራሴ ሚስት፣ ሳህንና ብርጭቆዬን ለየች። አንድ ቀን ሶፋ ላይ ተኝቼ ሳለ ከኪችን ሆና «ግን ከማን ነው የያዘህ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ጥርጣሬ አውቄዋለሁ። ለሳምንት ያህል አልተነጋገርንም።

ሰሎሞን ብርቱካንና ሙዝ ገዝቶ መጣ። ቤት አልገባም። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ አስቀምጦ ደወለልኝና «እግዚአብሔር ይማርህ፣ ወንድሜ» አለኝ። ሱቅ ሄዶ ደግሞ ለሠራተኞቹ «በሽታውን ከአገር ቤት ይዞት የመጣ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አላቸው። ይህን የነገረኝ አበራ ነው፤ አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ላይ የሚቆርጥ፣ የሁለት ልጆች አባት።

አሁን ደሜን የሚያፈላውን ልንገራችሁ። ትንሽ ቆይቶ «ከእንግዲህ ሰው ላይ አታስተላልፍም፤ ሥራህን መቀጠል ትችላለህ» ተባልሁ። ምን ሥራ እንደሆነ ሳይጠይቁ! ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ጠዋት የሳንባ መድኃኒት እየዋጥሁ፣ ቀን ድንጋይ በደረቁ እየፈጨሁ ወራት አሳለፍሁ። በአንድ እጄ እሳቱን አጠፋ፣ በሌላው አነድድ ነበር። ሳሉም ባሰብኝ። መድኃኒቱን በትክክል አትወስድም ብለው ተቆጡኝ።

ወደ ሳንባ ስፔሻሊስት የላኩኝ ተስፋ ሲቆርጡ ነው። ተጠባባቂው ክፍል ውስጥ ስስል አንዲት አሮጊት ቦርሳዋን አንሥታ ወንበር ቀየረች። ናኦሚ አየቻት። ልጄ አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋታል። ያን ቀን ትምህርት ቤት ቀርታ አብራኝ የመጣችው፣ ሐኪም ቤቱ በስልክ የሚያመጣው አስተርጓሚ ግማሹን ይተዋል ብላ ነው።

ዶክተሩ ገባ፤ ወፍራም፣ የደከመው ሰው። ኮምፒውተሩን እያየ «ከኢትዮጵያ ነው የመጣኸው?» ብሎ ጀመረ። «ገጠር ነው ከተማ? ቤት ውስጥ ቲቢ የነበረበት ሰው...»

ናኦሚ ከወንበሯ ተነሣች። በእንግሊዝኛ ነው የጮኸችው፤ አባቷን የሚያህል ሰው ላይ እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው እዚህ የመጣው! ስለ ኢትዮጵያ መቶ ጊዜ ጠየቃችሁት። እዚህ ምን እንደሚሠራ ለምን አትጠይቁትም?»

«ናኦሚ፣ ነውር ነው፣ ተቀመጪ» አልኳት።

«ኖ ዳዲ! አልቀመጥም። ቴል ሂም። ጃብህን ንገረው።»

ዶክተሩ ከኮምፒውተሩ ዞረ። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የኪችን ካውንተር እቆርጣለሁ። ኳርትዝ።»

«በውሃ ነው በደረቁ?»

«በደረቁ።»

መነፅሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከዚያ እጄን ይዞ ጥፍሮቼን ተራ በተራ አየ። ሌላ ፎቶ አስነሡኝ፤ ከሳንባዬም ቆርጠው መረመሩ። ውጤቱ ሲመጣ በሽታው ሲሊኮሲስ የሚባል ሆነ። ድንጋዩ ሲፈጭ የሚወጣው ብናኝ ዓይን የማያየው፣ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ስለት ያለው ነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ የተቀመጠበትን ቦታ ጠባሳ ያደርገዋል። ጠባሳ ደግሞ አይተነፍስም። «አዲስ በሽታ አይደለም» አለ ዶክተሩ፤ እሱም ተናዶ ነበር። «ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲሞቱበት ኖረዋል። መከላከያውም የታወቀ ነው። ውሃ፣ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ትክክለኛ ማስክ።» ውሃ! ወለሉን እንዳያጨቀይ ተብሎ የተከለከልነው ውሃ።

የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከአቧራው ከወጣሁ ግን ባለበት ሊቆም እንደሚችል ነገረኝ። ቶሎ ቢገኝ ይሻል ነበር አለ። መኪናው ውስጥ ናኦሚ እጄን ይዛ፣ ሁለታችንም አለቀስን። እኔ ያለቀስሁት በኀዘን ብቻ አይደለም። ቲቢ ስላልሆነ፣ ሰውን ያልበከልሁ ንጹሕ ሰው ስለሆንሁ ጭምር ነው። ይህን ያህል አዋርደውኝ ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ለሰሎሞን ፊት ለፊት ነገርኩት። አበራና ሌሎቹ ቆመው ይሰማሉ። ሰሎሞን ትከሻዬን አቅፎ ወደ ውጭ አወጣኝና «ነገሩን በቤተሰብ እንጨርሰው» አለኝ። በሩን ከኋላችን እየዘጋ ለልጆቹ «በሉ ሥራ!» ሲል፣ ግራይንደሩ እንደገና ሲጮህ ሰማሁ። በደረቁ። በቀጥታ ሄድሁና ለመንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አመለከትሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት የቆሙት ጋሽ ኃይሉ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ በዚህ ከተማ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። አበራ የእህታቸው ልጅ ነው። ሰሎሞን ከኋላቸው እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፍቷል። ሰብለ ግቡ፣ ተቀመጡ ብትል እሺ አላሉም። «ቃል ሳይሰጠን አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም» አሉ። እንደዚህ ደጅህ ላይ የቆመን ሽማግሌ እንቢ ማለት ምን እንደሆነ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሰብለ ማመልከቻውን እንዳነሣ ሌሊቱን ስትለምነኝ ነው ያደረችው፤ «ሰው ሁሉ ከጠላን ነገ ማን ይቀብረናል?» እያለች።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይሉ፤ «ሰሎሞን አጥፍቷል። ማጥፋቱንም አምኗል። በአገራችን ወግ ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅህ ይወድቅ ነበር።»

«ጋሽ ኃይሉ፣ ድንጋዩን እኔ ተሸክሜልዎታለሁ» አልኩና ደረቴን መታሁ። «እዚህ ውስጥ ነው። ላውርደው ብል አይወርድም።»

«ይገባናል» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «ግን የራስን ሰው ለፈረንጅ መንግሥት አሳልፎ መስጠት ደግ አይደለም። ሱቁ ቢዘጋ የስንት ቤት እንጀራ ነው የሚዘጋው? አመልካቹ አንተ ነህ፤ አንሣው። ሰሎሞን ያሳክምህ።»

«እኔ እኮ ሆን ብዬ አይደለም» አለ ሰሎሞን። «እኔም እዚያው ነው የምውለው።»

«አንተ የምትውለው በመስታወት የተዘጋ ቢሮ ውስጥ ነው! ኤሲ ከፍተህ!»

ሰብለ ከኪችን ወጣች። እሷም ልትለምነኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽ ኃይሉ፣ በሽማግሌ ፊት መናገሬን ይቅር ይበሉኝ። የሥራ ልብሱን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ማሽን ውስጥ ሳልከተው በፊት በረንዳ ላይ አራግፈው ነበር። ናኦሚ የምታጠናው እዚያው በረንዳ ላይ ነው። የእኛንስ ሳንባ ማን አየው? እኔ ደግሞ ይህን ሰው ሳህን ለይቼበታለሁ። የራሴን ባል! ከማን ያዘህ ብዬዋለሁ። ከማን እንደያዘው ይኸው ከኋላዎ ቆሟል።»

ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም።

«እሺ» አልኩ እኔ። «ሽማግሌ ደጄ ቆሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ሰሎሞንን ይቅር ብዬዋለሁ፤ በመካከላችን ያለውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። ማመልከቻውን ግን አላነሣም። ይቅር ማለት የምችለው የራሴን ሳንባ ነው። የአበራን ሳንባ ይቅር የምልበት ሥልጣን የለኝም።»

ጋሽ ኃይሉ «የሽማግሌ አፍ አሳፈርህ» አሉና ዞሩ። ሰብለ የሠራችው ምግብ እንደተከደነ ቀረ።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ሱቁ ለጊዜው ተዘጋ። ሥራ የፈቱት ልጆች ስሜን እያነሡ ሰደቡኝ፤ አልፈርድባቸውም፣ ኪራይ አይጠብቅም። የእድር ስብሰባ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ሱቁ ሲከፈት ግን ውሃ የሚረጭ ግራይንደር ገብቷል፣ አቧራ የሚስብ ማሽን ተተክሏል፣ እውነተኛ ማስክ ተሰጥቷል። ወለሉ ጨቅይቷል። ማንም አልሞተም። ሰሎሞን አሁን ለደንበኞቹ «እኔ ለሠራተኞቼ ጤና አልደራደርም» እንደሚል ሰምቼ፣ እስክስል ድረስ ስቄአለሁ።

እኔ ዛሬ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ መግቢያ ላይ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ። የትንፋሽ ልምምድ የሚያሠሩበት ቦታ እሄዳለሁ፤ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ቀስ ብሎ መተንፈስ ያስተምራሉ። በዚህ ዕድሜዬ መተንፈስ ተማርሁ። ሰብለ ሺፍት በሌላት ቀን ቦልደር ሲቲ ሄደን፣ ከፓርኩ እስከ ላይኛው መንገድ ዳገቱን እንወጣለን። መጀመሪያ ሦስቴ ነበር የምቀመጠው፤ አሁን አንዴ ቆም ብዬ እጨርሰዋለሁ። የመጨረሻው ምርመራ ጠባሳው እንዳልጨመረ አሳይቷል። አልዳንሁም። ቆሟል። ይህን መዳን በሉት ቢሏችሁ እሺ በሉ፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

ከፓርኩ ስንመለስ ባለፈው እሑድ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ናኦሚ፣ ስለ ሰብለ ደጋግመው ጠየቁኝ። አንድ ነገር መናገር እንዳቃታቸው ገባኝ።

«ምን ሆነዋል፣ ጋሽ ኃይሉ?»

«አበራ» አሉ። «ከርሟል ሲስል። ውሃው ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ነው አለኝ። ዛሬ ሐኪም ቤት ይዤው መጥቼ ተጠባባቂው ክፍል ቁጭ ብለናል። ማስክ አድርገውለታል። አሁን ሊጠሩን ነው። ምን ብሎ ይንገራቸው?»

የመለስኩላቸውን ለእናንተም እደግመዋለሁ። «ከየት ነህ ሲሉት ቆይ ይበላቸው። አስቀድሞ ድንጋይ ቆራጭ ነኝ ይበል። ኳርትዝ፣ በደረቁ። ባይጠይቁትም ይናገር። ባይሰሙት ይጩኽ። እሱ ቢያፍር እርስዎ ይጩኹለት።»

«እሺ ልጄ» አሉኝ። ስልኩን ሳይዘጉት ቀሩ፤ ወደ አንድ ሰው ዘወር ብለው ቀስ እያሉ ሲነግሩት ይሰማኛል። ከዚያ ሳል ሰማሁ። ደረቅ፣ ምንም የማያወጣ።